ያሳደግሁት ውሻ ነከሰኝ

«ያሳደግሁት ውሻ ነከሰኝ» ሲል ያልሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። አለቃ ስለ ጸሐፊው ይላታል፤ አጎት ስለ እህቱ ልጅ ይላታል፤ ነጋዴ ስለ ሸሪኩ፣ አስተማሪ ስለ ተማሪው ይላታል። ተናጋሪው አንገቱን ሰበር አድርጎ ይተነፍሳል፤ ሰሚውም ከንፈሩን ይመጣል። ሰሚ ሆኖ «ለመሆኑ እንዴት አድርገህ ነበር ያሳደግኸው?» ብሎ የጠየቀ ግን አልገጠመኝም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼን «በምሳሌያዊ አነጋገር ውስጥ እንዲናገር ያልተፈቀደለትን ፈልጉት» እላቸው ነበር። እዚህ አነጋገር ውስጥ አፉ የተዘጋው ውሻው ነው። ስንት ቀን ታስሮ እንደዋለ፣ በምን እንደተመታ፣ መቼ በልቶ እንደነበር አይጠየቅም። ከዚህ የባሰም አለን። ጠያቂ የሌለውን የሰው ደም «ደመ ከልብ» እንለዋለን፤ ከልብ ማለት በግዕዝ ውሻ ነው።

የዛሬው ነገሬ ግን ስለ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ስለ እውነተኛው ውሻ ነው፤ አራት እግር ስላለው፣ ምንጣፍ ላይ ስለሚሸናው። ደግሞም እሱ ባለበት ቤት ስለሚያድጉ ትንንሽ ልጆች ነው። ሁለቱን አንድ ርዕስ አድርጌ ሳነሣ የሚቆጣኝ እንዳለ አውቃለሁ፤ «ልጆቻችንን ከውሻ ጋር አነጻጸረ» መባሌ አይቀርም። ያነጻጸርሁት እኔ አይደለሁም። ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ዱላ ከበር ጀርባ ያቆመው የቤቱ ባለቤት ነው።

ድሮ ውሻ የሚመጣው ከጎረቤት ነበር። የእነ እትዬ እገሊት ውሻ ወለደች ይባላል፤ ቡችሎቹ አጥር ሥር ሲንከባለሉ ይከርማሉ፤ ጡት ሲተዉ አንዱ ይሰጠናል። ያ ዘመን ለውሻ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ አልነበረም። ግን ቢያንስ ቡችላው እናቱን ያውቃት ነበር። ዛሬ ቡችላ ያለው አስፋልት ዳር ነው። ጎረምሶች በግራና በቀኝ እጃቸው አንዳንድ ቡችላ አንጠልጥለው በመኪና መስኮት ያሳያሉ። ቡችላው ፀሐዩ አድክሞት ያንቀላፋል፤ ገዢው «እንዴት ጨዋ ነው!» ይላል። ሻጩ «ንጹሕ ጀርመን ነው» ይምላል። (ሲያድግ ዝርያው ከጀርመን ሳይሆን ከጉለሌ ሆኖ ይገኛል። ለነገሩ ለአገሩ ብርድ የጉለሌው ይሻላል።) ከኋላ ወንበር ልጆች ይንጫጫሉ፣ አባት ዋጋ ይከራከራል፣ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ግብይቱ ያልቃል። በግ ስንገዛ እኮ ላቱን እንጨብጣለን፣ ወገቡን እንዳስሳለን፣ ሦስት ሰው እናማክራለን፤ በጉ የሚቆየው ሁለት ቀን ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አብሮን ሊኖር የሚችለውን እንስሳ ግን ቀይ መብራት ላይ ቆመን እንገዛለን።

የአንድ ጎረቤቴን ቤት ላንሣ። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ነው፣ ሠርክ ቤቱ ይገባል፣ ለልጆቹ የማይሆነው የለም። ሴቷ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወንዱ ገና ሦስት አልሞላውም። ቡችላው ለሴቷ ልደት ተገዛ። ስሙም ቡቺ ተባለ፤ በሰፈራችን ሦስተኛው ቡቺ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቡቺ በነጠላ ተጠቅልሎ ይውል ነበር፤ ፎቶው ያልደረሰው ዘመድ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ምንጣፉ ላይ ሸና፤ አፍንጫው ሽንቱ ውስጥ ተነከረ። በሦስተኛው ሳምንት የባለቤቱን የሥራ ጫማ በላ፤ በዚያው ጫማ ተመታ። በአራተኛው ሳምንት ከውሃ ታንከሩ ሥር፣ ዘበኛው በሚያድርበት በኩል፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ሰንሰለት ታሰረ። ከነጠላ እስከ ሰንሰለት ሃያ ስድስት ቀን ፈጀ። እኔ ቀን ልቁጠር ብዬ አይደለም፤ ልቅሶው ከመኝታ ቤቴ መስኮት ይሰማ ስለነበር ነው።

ቡችላ በተፈጥሮው ምን እንደሆነ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም አብዛኛው በደል የሚመጣው ከክፋት አይደለም፣ ባለማወቅ ነው። ቡችላ ከእናቱ መለየት ያለበት ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሞልቶት ነው። በእነዚያ ሳምንታት ከወንድምና ከእህቶቹ ጋር ሲናከስ ምን ያህል መንከስ እንደሚያሳምም ይማራል፤ አጥብቆ የነከሰ ቡችላ ጨዋታው ይቋረጥበታል፤ እናቱም ትገሥጸዋለች። ይህን ትምህርት ያላገኘ ቡችላ የልጃችንን ጣት ሲይዝ የት ላይ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ከዚያ ደግሞ ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እስከ ሦስት ወር ገደማ ያለው ጊዜ አለ። ሰው ምን እንደሆነ፣ ሕፃን ምን እንደሆነ፣ የመኪና ድምፅ፣ የዝናብ ድምፅ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው የሚያስፈራ መሆን አለመሆኑን ያን ጊዜ ይለያል። በዚያ ዕድሜው ሰንሰለት ያየ ውሻ ዓለም ማለት አንድ ሜትር ናት ብሎ ይደመድማል፤ ወደ አንዷ ሜትር የሚገባው ሁሉ ጠላቱ ይሆናል። እኛም «ጎበዝ ጠባቂ ወጣው» እንላለን። ፍርሃቱን ነው ጀግንነት ያልነው።

አፍንጫውን ሽንት ውስጥ መንከሩን ደግሞ ማን እንዳስተማረን እንጃ። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ መቋጠር አይችልም፤ አካሉ ገና አልደረሰም። ከሸና ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚደርስበት ቅጣት ከሽንቱ ጋር መያያዙንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ጌታው አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያብዳል። የሚሠራው ዘዴ በጣም ተራ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ተጫውቶ ሲደክም ወደ ደጅ ይወጣል፤ እዚያው ሲሸና በዚያችው ቅጽበት ይመሰገናል፤ እጅ ላይ ካለው ነገር ትንሽ ይቀምሳል። ለጥቂት ሳምንታት እንዲህ ነው፤ ሌሊትም ጭምር። በቃ።

ይህን ለጎረቤቴ ሚስት ስነግራት ሳቀች። «ጋሼ፣ ማን ሥራ ፈትቶ ነው ለውሻ የሚያጨበጭብ?» አለችኝ። እሷ እኮ የማጨብጨብ ሊቅ ናት! ወንዱ ልጇን ፖፖ ያስለመደችው ያን ሰሞን ነበር። ቁጭ ታደርገዋለች፣ «ሽ…» ትለዋለች፣ ሲሸና ቤቱ ሁሉ ያጨበጭባል፣ «ጎበዝ የእኔ ጌታ!» ይባላል፣ አያቱ በስልክ ይነገራቸዋል። ሳይደርስ ቢያመልጠውም ሱሪው ይቀየራል እንጂ አፍንጫው የትም አይነከርም። ፓቭሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ውሾቹን ሲያጠና በቤተ ሙከራ ያረጋገጠውን የእኛ እናቶች በ«ሽ…» ሲሠሩበት ኖረዋል። (ሰውዬው የኖቤል ሽልማቱን እ.ኤ.አ. በ1904 ያገኘው ግን ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር ነው፤ የምራቁ ነገር ኋላ ነው ስሙን የዋጠው።) እንግዲህ ዕውቀቱ አለን። የጎደለን ዕውቀቱን ከፖፖው አሻግሮ መጠቀም ነው። ደግሞም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያው ልጅ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ጭብጨባውን ነጥቀነው ቁንጥጫውን እንሰጠዋለን።

ያ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድ ቀን ቡቺ ፊት ቆሞ አየሁት። በእጁ የተሰበረ ማስመሪያ ይዟል። «ቁጭ በል! እጅህን ዘርጋ!» ይለዋል። ቡችላው ጅራቱን እግሮቹ መካከል ከትቶ ያየዋል፤ የሚዘረጋው እጅ የለውም። ልጁ ይህን ንግግር ከየት አመጣው? እሱ ገና ትምህርት ቤት አልገባም። ከእህቱ ነው። እህቱ ከትምህርት ቤት አምጥታ በአሻንጉሊቶቿ ላይ ትጫወተው ነበር፤ እሱ ደግሞ አሻንጉሊቱን ትቶ ነፍስ ባለው ላይ ሞከረው። ዱላ በቤት ውስጥ እንዲህ ነው የሚወርደው፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ መናገር የማይችለው። በቤት ውስጥ ቡችላ ከሌለ የመጨረሻው ሠራተኛዋ ናት።

አባትየውን አንድ እሑድ አነጋገርሁት።

«ጋሼ፣ ውሻ እኮ ያለ ዱላ አይሰማም» አለኝ።

«ልጅስ?»

«ልጅም ትንሽ ቁንጥጫ ያስፈልገዋል። እኛ በምን አደግን? በርበሬ ታጥነን አይደል? ምን ሆንን?»

ምን ሆንን! በዚህ አገር እንደዚህ ጥያቄ መልስ ሳይጠበቅበት የሚጠየቅ የለም። መልሱን ልስጥ። አለቃ ሲገባ የምንነሣ፣ ሲወጣ የምናማ ሆንን። ትራፊክ ፖሊሱን ስናይ ቀበቶ የምናስር፣ መታጠፊያውን ስናልፍ የምንፈታ ሆንን። ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን የምንደግፍ፣ ሻይ ቤት ገብተን የምንረግም ሆንን። የተደበደበ ቡችላም ልክ እንደዚሁ ነው። ምንጣፍ ላይ አለመሽናትን አይማርም፤ እናንተ ፊት አለመሽናትን ነው የሚማረው። ከዚያ በኋላ ከሶፋው ጀርባ ሄዶ ይሸናል። ከሶፋው ጀርባ የሚሸና ትውልድ አፍርተን «ምን ሆንን?» እንባባላለን።

ቶሎ ብዬ አንድ ነገር ላክል፤ አለበለዚያ «ልጅን ስድ ልቀቅ ይለናል» እባላለሁ። ልጅ ያሻውን የሚያደርግበት፣ እንግዳ ላይ የሚወጣበት፣ ወላጅ የሚለማመጥበት ቤት እኔም ያስመርረኛል። ውሻም እንዲሁ። ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ከዱላው በላይ ያስፈልጋል። ችግሩ ዱላ ባለበት ቤት ሥርዓት አለመኖሩ ነው። ሰኞ ሶፋ ላይ ሲወጣ «ውይ ሲያምር!» የተባለ ቡችላ ማክሰኞ እንግዳ ስላለ በዚያው ሶፋ ይመታል። እናት ከገበታ አትስጡት ትላለች፤ አያት ከገበታው ሥር ያጎርሱታል። ለልጁ ዛሬ የተከለከለው ቴሌቪዥን ነገ አባት እንዲተኛ ሲፈለግ ይከፈትለታል። ሕጉ የትኛው እንደሆነ ባለቤቶቹም አያውቁትም፤ ቅጣቱ ብቻ የታወቀ ነው። አንዲት ትንሽ ሕግ አውጥቶ፣ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ አስማምቶ፣ ሁለት ወር ሳይታክቱ መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው። ዱላ ቀላል ነው፤ ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ስለዚህም ዱላን የጨካኝ መሣሪያ ከምለው የሰነፍ መሣሪያ ብለው ይቀናኛል።

ትንሽ ያነበቡት ደግሞ ሳይንስ ይጠቅሳሉ። ውሻ የተኩላ ዘር ነው፤ ተኩላ በመንጋው ውስጥ አለቃ አለው፤ አለቃው በጉልበቱ ነው የሚገዛው፤ ስለዚህ ውሻህን አለቃው አንተ መሆንህን በጉልበት አሳየው ይላሉ። የዚህ ነገር ታሪክ አስደናቂ ነው። ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጣው ጥናት በባዝል የአራዊት መጠበቂያ የተዘጋባቸውን ተኩላዎች ገለጸ። ተኩላዎቹ በአንድ ግቢ ታጉረው፣ መውጫ አጥተው ይጣሉ ነበር። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜች እ.ኤ.አ. በ1970 በታተመ መጽሐፉ ይህን የአለቃ ነገር አስፋፋው። ከዚያ ግን ሜች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሰሜን ካናዳ በኤልስሜር ደሴት፣ በነፃነት የሚኖሩ ተኩላዎችን ክረምት ከክረምት ተከታተለ። በ1999 ያሳተመው ጽሑፍ የራሱን የቀድሞ ነገር የሚያፈርስ ነበር። የተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰብ ነው አለ፤ አለቃ የተባሉት አባትና እናት ናቸው፤ የሚመሩትም ልጆቻቸውን ነው። በእስር ቤት ያለውን ጠብ አይተን የቤተሰብ ሕግ መስሎን ነበር ማለት ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ቢያነበው ደስ ይለኛል። የእኛው ቀይ ቀበሮም በባሌና በሰሜን ተራሮች እንዲሁ በቤተሰብ ነው የሚኖረው፤ የወለደችውን እናት ሌሎቹ ያግዟታል፤ ለግልገሎቹ ምግብ ያመጣሉ። (ከአምስት መቶ የማይበልጡ ጎልማሶች የቀሩትን ይህን እንስሳ ደጋግሞ የፈጀው ከቤት ውሾች የተሻገረ የእብደት በሽታ ነው። ባሌ ላይ ብዙ ሞቶበታል። ይህም የእኛው አያያዝ ውጤት ነው።)

ከሳይንስ ሌላ መጽሐፍም ይጠቀሳል፤ የሰሎሞን በትር። በትር ያለ ምክር፣ ምክር ያለ በትር ይሁን አይሁን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እንደ ሥነ ጽሑፍ አንባቢ ግን የምጠይቀው አለኝ፤ ሰሎሞን ያሳደገው ልጅ ማን ነው? ሮብዓም ነው። ነገሥት ላይ እንደምናነበው ሕዝቡ ቀንበር አቅልልልን ሲለው፣ ሽማግሌዎቹ ሲመክሩት፣ ከአባቱ የባሰ እንደሚገርፋቸው ፎክሮ አሥሩን ነገድ በአንድ ቀን አጣ። ክብረ ነገሥት የሚነግረን ሌላው ልጁ ደግሞ በእናቱ ቤት፣ ከበትሩ ርቆ ያደገው፣ ጽላቱን ይዞ ነው አገሩ የገባው። ያለ በትር ያደገም የራሱ ጣጣ አለው ማለት ነው።

ሕጉስ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ስለ ቤት ዝም ብሏል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ልጅን ማንገላታትን ሲከለክል የማሳደግ ኃላፊ የሆነ ሰው በአግባቡ የመቅጣት መብቱን አልነካበትም። አግባቡ የቱ ጋ እንደሚቆም የሚለካው ያው ዱላ የያዘው ሰው ነው። የውሻውንማ ተዉት።

አሁን ወደ ነገሩ ፍሬ ልምጣ፤ እስካሁን ያልሁት ሁሉ የጠባይ ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ይኼኛው የሞትና የሕይወት ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም፤ ያን ጊዜ ሐኪም የሚችለው ማስታገስ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 59,000 ያህል ሰው ይገድላል፤ ከመቶው ዘጠና ዘጠኝ እጅ የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ከሚሞቱት አሥር ሰዎች አራቱ ዕድሜያቸው ከ15 በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። አገራችን በሽታው ከጸናባቸው አንዷ ናት። ልጅ ቁመቱ ከውሻ አፍ ብዙም ስለማይርቅ ንክሻው ፊቱና አንገቱ ላይ ያርፋል፤ ንክሻው ለራስ ቅል በቀረበ ቁጥር በሽታው ቶሎ ይደርሳል። ይህ ሁሉ እያለ ግን ሙሉ በሙሉ ሊከለከል የሚችል በሽታ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባቱን መጀመርና እስከ መጨረሻው መከታተል። በእኛ ልጅነት ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ያስፈራን ነበር፤ «ፓስተር ይወስዱሃል» ማለት ለአዲስ አበባ ልጅ ማስፈራሪያ ነበር። ዛሬ መርፌው ክንድ ላይ ነው። ጸበሉም፣ የባህል መድኃኒቱም ከመርፌው በኋላ ይደርሳል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከአንድ ነገር ነው፤ ልጁ «ተነከስሁ» ብሎ ሲናገር። ቫይረሱን የሚቀድመው የልጁ ምላስ ብቻ ነው።

የጎረቤቴ ሴት ልጅ ተነክሳ ለአራት ቀን አልተናገረችም። ቡቺ ሰንሰለቱ እግሩ ላይ ተጠምጥሞበት ሲያለቅስ ልትፈታው ሄደች፤ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ረጅም ካልሲ አድርጋ ትምህርት ቤት ስትመላለስ ሰነበተች። ያየቻት ገላዋን ስታጥባት የነበረችው ሠራተኛዋ ናት፤ እግዜር ይስጣት፣ የጮኸችው ያን ጊዜውኑ ነው። ልጅቷ ለምን እንዳልተናገረች ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ሁለት ነው፤ ቡቺን ይደበድቡብኛል፣ እኔንም አባዬ አትንኪው ብሎኝ ነበርና ይቆጣኛል። ሰባት ዓመት ለኖረች ልጅ ይህ ትክክለኛ ስሌት ነው። በዚያ ቤት እውነት የተናገረ ምን እንደሚያገኘው አጥንታ ነው ያሰላችው። ክትባት ያልተወጋ ውሻ ነክሷት ለአራት ቀን ዝም ያሰኛት የውሻው ጥርስ ሳይሆን ከበር ጀርባ የቆመው ነገር ነው። ክትባቱን ጀመረች፣ ጨረሰችም። ውሻው በሚጠበቅበት አሥር ቀን ውስጥ ምንም አልሆነም። የተረፉት ውሻው ጤነኛ ስለነበረ እንጂ ቤቱ በደህና ስለተያዘ አይደለም።

ቡቺስ? ሱሉልታ ተላከ ተባለ። ከሰፈራችን ሱሉልታ ተላኩ የተባሉት ውሾች ሁሉ እውነት እዚያ ቢገኙ ለሰው የሚሆን ቦታ ባልቀረ ነበር። የከተማ ዳር የሚጣለው ውሻ ከመንጋ ጋር ይቀላቀላል፣ ይወልዳል፣ ያለ ክትባት ይኖራል፤ አንድ ሰሞን ሕዝቡ ያማርራል፤ ከዚያ መርዝ ይዘራለታል። መርዝ በከተማችን የቆየ ልማድ ነው። ግን ውሻ በመግደል ይህ በሽታ አልጠፋም፤ በባዶው ቦታ ሌሎች ይገቡበታል። በሽታው የሚቆመው ከአንድ አካባቢ ውሾች ሰባ በመቶው ሲከተቡ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ይናገራል፤ በውሻ የሚመጣውን ሞት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ዜሮ ለማድረግ ዓለም የተስማማበት ዕቅድም በዚህ ላይ የቆመ ነው። መርዙን ከሚዘራው ሰው በፊት ግን የምከስሰው ቀይ መብራት ላይ ገዝቶ ሱሉልታ የሚልከውን ነው።

አንድ የቀረች መከራከሪያ አለች፤ «ልጆቹ ኃላፊነት እንዲማሩ ብለን ነው» የምትባል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብለው የሚተርቱ ሰዎች የነፍስን ጉዳይ ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረከባቸው ይገርመኛል። ልጅ ውሃ ሊቀዳለት፣ ሊያበጥረው፣ ስሙን ሊያስተምረው ይችላል፤ ደስ ብሎትም ያደርጋል። ሌሊት አስነሥቶ ማሸናት፣ ሦስት ወር ሲሞላው ማስከተብ፣ በዓመት በዓመቱ ማሳደስ፣ ጥርስ ሲቀይር የሚያኝከው ነገር መስጠት የአዋቂ ሥራ ነው። ቡችላ ሲበላ ልጅ አይጠጋውም፣ ሲተኛ አይነካውም፤ ይህን የሚያስጠብቅ ዓይን ያለው ሰው በሌለበት ትንሽ ልጅና ውሻ፣ የቱንም ያህል ቢዋደዱ፣ ለብቻቸው አይተዉም። የሚያድርበትና የሚሮጥበት ቦታ የሌለው፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይኖርበት ቤት ደግሞ ውሻ አይግዛ። ልጁ ያለቅስ። ለሁለት ቀን ነው የሚያለቅሰው።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ መንገዱ ዳር ቡችሎቹ ይበዛሉ፤ ለልጆች ስጦታ ተብሎ። መግዛታችሁ ካልቀረ ሞተሩን አጥፍታችሁ ውረዱ። ሻጩ «ሁለት ወር ሞልቶታል» ይላችኋል፤ ሁሉም ቡችላ ሁልጊዜ ሁለት ወሩ ነው። ቀስ ብላችሁ ከንፈሩን ገለጥ አድርጉና እዩ። ሁለት ወር የሞላው ቡችላ ሃያ ስምንቱ የወተት ጥርሶቹ ወጥተዋል። ከኋላ ያለው ድዱ ባዶ ከሆነ ዋሽቷችኋል፤ «ለእናቱ መልሰው» በሉት። ይስቅባችኋል። የእናቱን ቤት ካወቀ ግን እዚያው ሄዳችሁ እሷንም እዩአት፣ መከተቧንም ጠይቁ።